በጭንቀት ወቅት መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልቆይ? ውሳኔውን ደረጃ በደረጃ ለመወሰን

በመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰዎች በጭንቀት መድኃኒት ሲሳሳቱ ያየሁት ብዙውን ጊዜ በሦስት ቦታ ነው። አንዳንዶቹ ጭንቀቱ በበረታበት ሌሊት ከጎረቤት ያገኙትን ኪኒን ይውጣሉ፤ ይደጋግሙታል፤ ከዚያም ያለ እርሱ መተኛት ያቅታቸዋል። ሌሎቹ ሐኪም ያዘዘላቸውን በትክክል ይጀምሩና «አልሠራልኝም፣ እንዲያውም አባሰብኝ» ብለው በስምንተኛው ቀን ይተዉታል። የቀሩት ደግሞ ሲሻላቸው በአንድ ቀን አቁመው ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሳቸውን እያዞራቸው ይመለሳሉ። የሦስቱም ስሕተት ምንጭ አንድ ነው፤ ቶሎ የሚሠራውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ መፈለግ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራውን ደግሞ ለዛሬ ሌሊት መጠበቅ።

በአንድ ወቅት አንዲት እናት ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለሉ አራት ቢጫ ኪኒኖች መስኮቱ ላይ አስቀምጠው «ከዚህ ዓይነት ስጠኝ ልጄ» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ ስምም፣ መጠንም፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀንም አልነበረም። ስንነጋገር ኪኒኑ ለጎረቤታቸው የታዘዘው ለወገብ ጡንቻ መኮማተር እንደ ነበር ነገሩኝ። ይህን መመሪያ ስጽፍ የማስበው እርሳቸውን ነው።

መመሪያው ለዐዋቂዎች ነው። ለልጆችና ለታዳጊዎች የሚደረገው ውሳኔ የተለየ ስለሆነ በቀጥታ ሐኪም ያማክሩ።

ከሁሉ በፊት፦ ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ንባቡን እዚህ ላይ ያቁሙና ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

- ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ፣ በተለይ መንገዱ ከታሰበበት ወይም ሰው መሰናበት ከተጀመረ፤
- ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፤
- ለቀናት ሳይተኙ ድካም አለመሰማት፣ ያለ ልክ መናገር፣ ገንዘብ መበተን (ይህ ጭንቀት ቢመስልም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ለጭንቀት የሚሰጠው መድኃኒትም ሊያባብሰው ይችላል)፤
- ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም፣ ወይም ራስን መሳት፤
- ዘወትር ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው መጠጡን ካቆመ በኋላ መንቀጥቀጥና መቃዠት።

አዲስ አበባ ያሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907፣ አሜሪካ ያሉ ደግሞ የቀውስ መስመሩን በ988 ሊያገኙ ይችላሉ። ሰውየውን ብቻውን አይተዉት፤ በቤት ውስጥ ያለውን ኪኒንም ሁሉ ሌላ ሰው ይያዘው።

ደረጃ 1፦ በዚያች ሌሊት አይወስኑ

ድንገት የሚነሣ የፍርሃት ማዕበል፣ ልብ ሲመታ፣ ትንፋሽ ሲያጥርና እጅ ሲደነዝዝ፣ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ጣሪያው ላይ ደርሶ ከዚያ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የተዋጠ ኪኒን ደም ውስጥ ሳይገባ ማዕበሉ በራሱ ሊበርድ ይችላል፤ ሰው ግን «ኪኒኑ አዳነኝ» ብሎ ይደመድማል፤ ልማዱም ከዚህ ይጀምራል።

ይልቁንም ይህን ያድርጉ። ይቀመጡ፤ እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉ፤ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ማስወጣቱ ከማስገባቱ መርዘም አለበት። ይህን ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። ራስዎ ቢቀልልዎት ወይም ጣትዎ ቢነዝርዎት በጣም በጥልቀት እየተነፈሱ ነውና ቀለል ያድርጉት። ለመተኛት ብለው አልኮል አይጠጡ፤ ቶሎ ቢያስተኛም ሌሊት 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ያነቃና ጭንቀቱን ከቀድሞው ያባብሰዋል።

ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ፣ በተለይም ዕድሜዎ ከ40 ያለፈ ወይም የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመም ያለብዎት ከሆነ፣ «ጭንቀት ነው» ብለው ለራስዎ አይፍረዱ፤ ይመርመሩ።

ደረጃ 2፦ ለ14 ቀናት ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ይውሰዱና በየቀኑ ማታ አራት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ለስንት ሰዓት እንደ ተኙ፣ ጭንቀቱ የበረታበትን ሰዓት፣ በጭንቀቱ ምክንያት የቀረብዎትን ጉዳይ፣ እንዲሁም የጠጡትን ቡናና መጠጥ ወይም የቃሙትን ጫት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። «በጣም ተጨንቄ ነበር» የሚለው ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። «ታክሲ ውስጥ መግባት ፈርቼ ሦስት ቀን ከሥራ ቀረሁ» የሚለው ግን ውሳኔውን ግማሽ ያህል ይወስናል።

በ14ኛው ቀን ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙባቸውን ሰባት ጥያቄዎች ይመልሱ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እነዚህ ምን ያህል ጊዜ አስቸገሩዎት? መረበሽ ወይም መጨነቅ፤ መጨነቅን ማቆም ወይም መቆጣጠር አለመቻል፤ ስለ ብዙ ነገር ከልክ በላይ ማሰብ፤ ዘና ለማለት መቸገር፤ መቀመጥ እስኪያቅት መቁነጥነጥ፤ በቀላሉ መበሳጨት፤ አንድ ክፉ ነገር ሊደርስ ነው ብሎ መፍራት። ለእያንዳንዱ «በጭራሽ» ካሉ 0፣ «ጥቂት ቀናት» ካሉ 1፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» ካሉ 2፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ካሉ 3 ይስጡ። ድምሩ ከ21 ይያዛል፤ ከ5 ጀምሮ ቀላል፣ ከ10 ጀምሮ መካከለኛ፣ ከ15 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ቁጥሩ ሕመሙን አይበይንም፤ ነገር ግን 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያዩ አይቆዩ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ብዙዎቻችን ጭንቀትን የምንናገረው በሰውነታችን ነው፤ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይርዳል»፣ «ጨጓራዬ ተነሣ»። ስለዚህ ሰባቱን ጥያቄዎች በዝቅተኛ ነጥብ መልሰው፣ ግን ለጨጓራና ለራስ ምታት ከክሊኒክ ክሊኒክ የሚመላለሱ ከሆነ፣ ይህንንም በደብተሩ ላይ ያስፍሩት።

ሁለት ሳምንት መመዝገብ ካቃተዎት፣ አራት ቀንም ቢሆን ይበቃልና ወደሚቀጥለው ይለፉ። መመዝገብ የማይችሉት ጭንቀቱ ስለ ከበደ ከሆነ ግን አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ።

ደረጃ 3፦ ጭንቀት የሚመስሉትን ነገሮች ያስወግዱ

የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብን ያስመታል፣ እጅን ያንቀጠቅጣል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በደም ምርመራም ይታወቃል። የደም ማነስ፣ የስኳር መውረድና የልብ ምት መዛባትም እንዲሁ ጭንቀት ይመስላሉ። ለአስም የሚነፋው ሳልቡታሞል እጅ ያንቀጠቅጣል፤ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ልብ ያስመታሉ። እነዚህ ሳይጣሩ የጭንቀት መድኃኒት መጀመር ሌላውን ሕመም መሸፈን ነው።

ከዚያ ቡናውን ይቁጠሩ። አቦል፣ ቶናና በረካ አድርሶ፣ ማታ ደግሞ ሻይ የደገመ ሰው በመኝታ ሰዓቱ ልቡ ቢመታ የሚያስገርም አይደለም። ከቀትር በኋላ ያለውን ቡና አስቀድመው ይተዉ፤ የጠዋቱን ግን በአንድ ቀን አያቋርጡ፤ ድንገት ሲቆም ኃይለኛ ራስ ምታት ያመጣልና በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሱት።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው መጫጫን፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ከእውነተኛው የጭንቀት ሕመም ጋር በቀላሉ ይምታታል። ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ (ከጫት በኋላ በሚጠጣው አልኮል) ላይ ዳያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ አልኮልና ዳያዜፓም አንድ ላይ ሲሆኑ ትንፋሽን እስከ ማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። ይህ በምንም ምክንያት አይሞከር።

ደረጃ 4፦ ያሉበትን ሁኔታ ይለዩ

*የሚያልቅበት ቀን የሚታወቅ ጭንቀት።* ፈተና፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የቪዛ ቃለ መጠይቅ፣ የዘመድ ቀዶ ሕክምና። እየሠሩ፣ እየበሉና ብዙም ባይሆን እየተኙ ከሆነ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አይጀምሩ፤ አብዛኞቹ መሥራት ሳይጀምሩ ቀኑ ያልፋል።

*ሐዘን።* ወረቀቱን ይዘው የመጡት እናት ባለቤታቸውን ከቀበሩ አርባ ቀን አልሞላም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለባቸው ሐዘንተኞች የዳያዜፓም ዓይነት ማረጋጊያዎች እንዳይሰጡ ይመክራል። እኔም አልሰጠኋቸውም። ሌሊት ብቻቸውን እንደሚያድሩ ሲነግሩኝ ግን የሚያስፈልጋቸው ምን እንደ ሆነ ገባኝ፤ ልጃቸውን ጠርቼ የእኅታቸው ልጅ ለጥቂት ሳምንታት አብራቸው እንድታድር ተነጋገርን። ሐዘኑ ወራት አልፎም ከምግብና ከሥራ ካገደ ወይም «አብሬው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

*ከባድ ድንጋጤ።* ከጦርነት፣ ከመፈናቀል፣ ከአደጋ ወይም ከጥቃት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር መባነንና መደንገጥ ይጠበቃል። በዚህ ወር ውስጥም ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እነዚህኑ ማረጋጊያዎችና ፀረ ድባቴ መድኃኒቶችን ለድንጋጤው ምልክቶች አይመክርም። ከወር በኋላ ካልቀነሰ ግን ይታከሙ።

*የቆየና የሚያግድ ጭንቀት።* ለወራት በአብዛኞቹ ቀናት የሚመጣ፣ ከጉዳይ ጉዳይ የሚዘል፣ ወይም ማዕበሉ ይመለሳል በሚል ፍርሃት ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ሥራ መሄድ ያስተወዎት ከሆነ፣ መድኃኒቱን በቁም ነገር ያስቡበት። ቀድሞ ታክመው የዳኑበት ጭንቀት አሁን በኑሮ ውጥረት ምክንያት ከተመለሰም እንዲሁ። እዚህ ላይ መድኃኒት መውሰድ የእምነት ወይም የጽናት ማነስ አይደለም። በሠለጠነ ባለሙያ የሚሰጥ የንግግር ሕክምና ካገኙ ግን ለብዙ ሰው ከመድኃኒት የማያንስ ውጤት ስላለው፣ ከእርሱ መጀመር ወይም ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይችላሉ።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን ወገን መድኃኒቶች ይለዩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፤ «የጭንቀት መድኃኒት» የሚባል አንድ መድኃኒት የለም።

*ቶሎ የሚሠሩት፦* ዳያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ክሎናዜፓም፣ ብሮማዜፓም። በደቂቃዎች ወይም በሰዓት ውስጥ ያረጋጋሉ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በየቀኑ ከተወሰዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ መጠን መጨመር ይመጣል፤ ማቆም ይከብዳል። ሐኪም ካዘዘ ለጥቂት ቀናት፣ ቢበዛ ከ2 እስከ 4 ሳምንት መሆን አለበት። ከአልኮልና ትራማዶል ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር አይወሰዱም። በአረጋውያን ላይ መውደቅንና የአጥንት ስብራትን ያስከትላሉ፤ በሚቀጥለው ቀንም ሊያፈዝዙ ስለሚችሉ መኪና አይንዱ።

*ቀስ ብለው የሚሠሩት፦* ሰርትራሊን፣ ፍሎክሴቲን፣ ኢሲታሎፕራም፣ ፓሮክሴቲን። ፀረ ድባቴ ተብለው ቢጠሩም ለቆየ ጭንቀት ቀዳሚ ምርጫ ናቸው፤ እንደ ዳያዜፓም ዓይነት ሱስም አያስይዙም። የሚወሰዱት ግን በየቀኑ ነው፤ «ሲጨንቀኝ እወስደዋለሁ» አይሠራም። ውጤታቸው የሚታየው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው።

ከሁለቱ ውጭ ሐኪም ሊያነሣቸው የሚችሉ ሌሎችም አሉ። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ብቻ ስለሚያረግብ ለንግግር ወይም ለፈተና ሰዓት ይታዘዛል፤ አስም ላለበት ሰው ግን አደገኛ ነው። አሚትሪፕቲሊን በጤና ጣቢያዎች በብዛት ይገኛል፤ ያስተኛል፣ አፍ ያደርቃል፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፤ ስለዚህ ራሱን ሊጎዳ የሚችል ሰው ባለበት ቤት ብዙ ፍሬ አይቀመጥም።

ደረጃ 6፦ ተዘጋጅተው ሐኪም ፊት ይቅረቡ

ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ። የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ያለባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። ከሐኪሙ ጋር የሚኖርዎት ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ደብተሩን ይዘው ይግቡና በመጀመሪያ የመጡበትን ምክንያት በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፤ ለምሳሌ «ለአራት ወር በሳምንት አምስት ሌሊት አልተኛሁም፤ ከሥራ እየቀረሁ ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገኝ እንደ ሆነ ልወስን ነው የመጣሁት» ይበሉ።

ሳይጠየቁም የሚከተሉትን ይናገሩ።

- የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን የሌሎችን መድኃኒቶች ኃይል ይቀንሳል፤ ትራማዶል ከሰርትራሊን ወገን ጋር ሲደመር አደጋ አለው፤ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌንም ከዚሁ ወገን ጋር ከተወሰዱ የጨጓራ መድማትን ዕድል ይጨምራሉ።
- እርግዝና፣ ለማርገዝ ማሰብ ወይም ማጥባት።
- ከላይ የተገለጸው እንቅልፍ የማያስፈልገው የጉልበት ዘመን በእርስዎ ወይም በቤተሰብዎ ላይ ደርሶ ከነበረ።
- አልኮልና ጫት፣ በትክክለኛው መጠናቸው።
- ጾም። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደውን መድኃኒት በረመዳን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር፣ በዐቢይ ጾም ወደ ማታው ማዕድ ማዛወር ብዙ ጊዜ ስለሚቻል ከሐኪሙ ጋር ይስማሙበት፤ ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይችላሉ።

ከዚያ አምስት ጥያቄ ጠይቀው መልሱን ይጻፉ፦ የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ከሁለቱ ወገን የትኛው ነው? መሥራት የሚጀምረው መቼ ነው? ለምን ያህል ጊዜ ይወሰዳል? እንዴትስ ይቆማል? ለመጨረሻዎቹ ሁለቱ መልስ ሳያገኙ መድኃኒቱን አይጀምሩ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ ቀጠሮ ሲይዙ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ፤ በልጅ ፊት «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ወላጅ የለም፤ ሐኪሙም ዋናውን ነገር ሳይሰማ ይቀራል። ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱ ደግሞ ይጠንቀቁ። ዳያዜፓም፣ አልፕራዞላምና ትራማዶል በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና በሳዑዲ ዐረቢያ ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ቅድመ ፈቃድና ያለ ሐኪም ማስረጃ ይዞ መግባት ሊያሳስር ይችላል። የሰው ኪኒን በአደራ አይያዙ።

ደረጃ 7፦ ከጀመሩ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሳምንታት ይለፉ

በቀስታ የሚሠራው ወገን በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል፤ ሰርትራሊን ለምሳሌ ብዙውን ጊዜ በ25 ወይም በ50 ሚሊ ግራም። የጀመሩበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡ፤ ከዚያ አራተኛውንና ስድስተኛውን ሳምንት ያክብቡ። በእነዚህ ቀናት ሰባቱን ጥያቄዎች ደግመው ይመልሱ። «ሠራ ወይስ አልሠራም?» የሚለው የሚመለሰው በእነዚህ ቀናት እንጂ በስምንተኛው ቀን አይደለም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ አንዳንዴም የባሰ መቁነጥነጥ ይመጣል፤ አብዛኛው በራሱ ይጠፋል።

- *ካቅለሸለሸዎት፦* ከምግብ ጋር ይውሰዱት።
- *እንቅልፍ ከነሳዎት፦* ጠዋት ይውሰዱት፤ ካፈዘዘዎት ደግሞ ማታ።
- *አንድ ቀን ከረሱ፦* በዚያው ቀን ሲያስታውሱ ይውሰዱ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ይዝለሉት። ሁለት አይደርቡ።
- *የወሲብ ስሜት ከቀነሰ፦* ይህ የተለመደ ስለሆነና ብዙ ሰው አፍሮ ሳይናገር መድኃኒቱን ስለሚተው፣ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠን መቀነስ ወይም መቀየር ይቻላል።
- *መድኃኒት ቤቱ ሲያልቅበት፦* የመጨረሻው ሳምንት ሳይደርስ ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ «ተመሳሳይ ነው» ተብሎ የተሰጠዎትን ስሙን አንብበው ከማዘዣው ጋር ያስተያዩ።
- *ራስን የመጉዳት ሐሳብ ወይም ኃይለኛ መረበሽ ከመጣ፦* በዚያው ቀን ለሐኪም ይደውሉ ወይም ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቅርብ ሰው ሊከታተላቸው ይገባል።

በስድስተኛው ሳምንት ለውጥ ከሌለ ነገሩ አላበቃም። መጠን ማስተካከል ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት መሻገር አለ፤ ይህን ግን ራስዎ አያድርጉት።

ደረጃ 8፦ ካልጀመሩ፣ ቀን ይቁረጡ

«አሁን አልጀምርም» የሚለው ውሳኔም ቀን ይፈልጋል። ከአራት ሳምንት በኋላ ያለውን አንድ ቀን ይምረጡ፤ እስከዚያ ከእንቅልፍ የሚነሡበትን ሰዓት አይቀያይሩ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ የሸሹትን አንድ ቦታ በጥቂቱ መሄድ ይጀምሩ። በቀኑ ነጥቡ ካልወረደ ወደ ደረጃ 6 ይመለሱ።

ደረጃ 9፦ ሲያቆሙ

ሲሻልዎት አያቁሙ፤ ከተሻለዎት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ይቀጥላል። የማቆሚያው ጊዜ የተረጋጋ ይሁን፤ ቤት በሚቀየርበት፣ ፈተና በቀረበበት ወይም ወሊድ በሚጠበቅበት ወር አይጀመርም። መጠኑ በሐኪም ምክር በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል።

ሲቀንሱ ማዞር፣ ብስጭት፣ ጭንቅላት ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ስሜት በቀናት ውስጥ ቢመጣ፣ ይህ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በመቀነሱ የመጣ ነው፤ ወደ ቀድሞው መጠን ተመልሶ ይበልጥ በዝግታ መውረድ ይቻላልና ሐኪምዎን ያነጋግሩ። ከሳምንታት በኋላ ቀስ እያለ የሚመለሰው የቀድሞው ፍርሃት ግን ሕመሙ ራሱ ሊሆን ስለሚችል እንደገና ይታይ። ፓሮክሴቲን ሲቆም ይከብዳል፤ ፍሎክሴቲን ከሰውነት በዝግታ ስለሚወጣ ይቀላል።

ዳያዜፓምን ወይም ዘመዶቹን በየቀኑ ከአንድ ወር በላይ ወስደው ከሆነ፣ ያለ ማዘዣም ቢሆን፣ ዛሬ አይጣሉት። ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። የቀረውን ፍሬ ቆጥረው፣ በቀን ስንት እንደሚወስዱ ጽፈው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ከየት እንዳገኙት ማፈር አያስፈልግም፤ ሐኪሙ የሚፈልገው መጠኑንና የወሰዱበትን ጊዜ ነው።